የጀልባ ሞተር እንዳይፈላና እንዳይሰነጠቅ፤ ለባለጀልባዎችና ለጥገና ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

በዚህ አምድ አዘውትረን የምንነጋገረው ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ምዝገባና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት ነው። ዛሬ ግን ወደ ሞተር ክፍል እንወርዳለን። በአትላንታና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን በታክሲ፣ በጋራዥና በጭነት መኪና ሥራ እንጀራቸውን ሲያገኙ ኖረዋል፤ ሞተር ያውቃሉ። አሁን ደግሞ ሁለትና ሦስት ሆነው ያገለገለ ጀልባ የሚገዙ፣ ከጋራዥ ሥራቸው ጎን ለጎንም በቅዳሜና በእሁድ የጀልባ ጥገና ለመጀመር የሚያስቡ አሉ። ሁለቱም ወገኖች ሂሳባቸውን ይዘው ወደ እኛ ዘንድ ሲመጡ ትልቁ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቦታ የሚመነጭ ነው፤ እርሱም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው።

የዛሬው ትምህርት የሚመለከተው ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ የተቀመጠበትን ዓይነት ነው፤ ከኋላ በውጭ የሚንጠለጠለውን አይመለከትም። በቅድሚያ አሠራሩን፣ ቀጥሎ ጥገናውን፣ በመጨረሻም ሂሳቡንና ሕጉን እናያለን። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. የጆርጂያ ክረምት ለምን ያታልላል?

የአትላንታ ሰው ጀልባውን በብዛት የሚያወርደው በሌክ ላኒየር ወይም በሌክ አላቱና ነው። ላኒየር በቻታሁቺ ወንዝ ላይ በ1950ዎቹ በተሠራው የቡፎርድ ግድብ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል ነው። ውሃው ጨው የሌለበት ስለሆነ ለሞተር ከባሕር ውሃ ይሻላል። አየሩ ግን ወጥመድ አለው።

በሚኒሶታ ወይም በሚሺጋን የሚኖር ባለጀልባ ብርዱ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ገና በመስከረምና በጥቅምት ይዘጋጃል። በእኛ አገር ግን ታኅሣሥ ገብቶም በሸሚዝ የሚወጣበት ቀን ስላለ፣ ሰው ‹‹ገና ነው›› እያለ ይዘናጋል። በዲሴምበር 2022 ከገና በዓል በፊት የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ በአንድ ሌሊት አየሩ ወርዶ በአትላንታ ከ10 ዲግሪ ፋራናይት በታች ደረሰ። የቤት ቧንቧዎች ፈነዱ። በሞተራቸው ውስጥ ውሃ ለተዉ ጀልባዎችም አደጋው ያው ነበር። ውሃ በረዶ ሲሆን በመጠኑ ወደ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብረት ደግሞ አይለጠጥምና የሞተሩ ብሎክ ይሰነጠቃል። ብሎኩ ከተሰነጠቀ አብዛኛውን ጊዜ መጠገን ሳይሆን ሞተር መለወጥ ነው።

እንግዲህ የጀልባ ሞተር ሁለት ጠላት አለው፤ በበጋ ሙቀት፣ በክረምት በረዶ። ሁለቱም የሚገቡት በአንድ በር፣ በማቀዝቀዣው በኩል ነው።

2ኛ. ከመኪና ሞተር በምን ይለያል?

መኪና ራዲያተር አለው፤ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ጀልባ ራዲያተር የለውም፤ ራዲያተሩ ሐይቁ ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይሠራል።

ሀ) ቀጥታ ማቀዝቀዣ፦ የሐይቁ ውሃ ራሱ ተስቦ በሞተሩ ብሎክ ውስጥ ያልፋል፤ ሙቀቱን ይዞም ከጭስ ጋር ይወጣል። በላኒየር ላይ ካሉት የቤንዚን ሞተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ለ) ዝግ ማቀዝቀዣ፦ በሞተሩ ውስጥ እንደ መኪና አንቲፍሪዝ ይዞራል። የሐይቁ ውሃ የሚያልፈው ሂት ኤክስቼንጀር በሚባል፣ በውስጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ባሉት ዕቃ ውስጥ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች ሳይገናኙ ሙቀት ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ የሐይቁ ውሃ ከጭሱ ጋር ይወጣል።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ እንደ ራዲያተር ክዳን ያለ ክዳንና የአንቲፍሪዝ ማስቀመጫ መኖሩን ተመልከቱ። ካለ ዝግ ነው፤ ከሌለ ቀጥታ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን የሞተሩን ቁጥር ይዛችሁ የሠሪውን መመሪያ መጽሐፍ አግኙ። ሜርክሩዘርም ሆነ ቮልቮ ፔንታ እንደ ሞዴሉ ይለያያሉና ‹‹የጓደኛዬ እንዲህ ነበር›› በሚል አይሠራም።

3ኛ. የውሃውን መንገድ ተከተሉ

ጥገናውን በቃል ከማጥናት የውሃውን መንገድ ማወቅ ይሻላል። መንገዱን ያወቀ ሰው ብልሽቱን በራሱ ያገኘዋል። ውሃው ከጀልባው ሥር ካለው መግቢያ ይነሣል፤ ብዙ ጀልባዎች እዚያ ላይ መዝጊያ ቫልቭ አላቸው። ከዚያ በማጣሪያ በኩል አልፎ ወደ ሐይቅ ውሃ ፖምፑ ይደርሳል። ፖምፑ ገፍቶ ወደ ዘይት ማቀዝቀዣዎቹ፣ ወደ ብሎኩ ወይም ወደ ሂት ኤክስቼንጀሩ ይሰድደዋል። በመጨረሻ የጭስ መውጫውን ማኒፎልድና ክርኑን አቀዝቅዞ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ ይወጣል።

የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ በሉ። የጀልባ የጭስ ቱቦ በከፊል ጎማ ነው። የማይቃጠለው ውሃ ስለሚያልፍበት ብቻ ነው። ውሃው ከተቋረጠ ሞተሩ ከመፍላቱም አስቀድሞ የጭሱ ጎማ ሊቃጠል ይችላል። ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጀልባው ውስጥ ይገባል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የማቀዝቀዣ ጉዳይ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ሕይወት ጉዳይ ነው።

በመሆኑም ሞተሩን ባስነሣችሁ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራ ወደ ኋላ ዞሮ ውሃ ከጭስ መውጫው መውጣቱን ማየት ነው። ይህ አምስት ሴኮንድ የሚፈጅ ምርመራ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ጭስ መውጫው ከውሃ በታች በሆነባቸው ጀልባዎች ደግሞ የሙቀት መለኪያውን በዓይን መከታተል ነው።

4ኛ. ትንሿ ጎማ

በሐይቅ ውሃ ፖምፑ ውስጥ ኢምፔለር የምትባል፣ እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያዋን ክንፍ ያላት የጎማ መዘውር አለች። የማቀዝቀዣው ልብ እርሷ ናት። ዋጋዋ ለአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት እራት ከሚወጣው ብዙ አይበልጥም።

ይህች ጎማ የምትለሰልሰው በሚያልፍባት ውሃ ነው። ውሃ ሳይኖር ሞተሩ ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መቃጠል ትጀምራለች። ስለዚህ ጀልባው በተሳቢው ላይ ሳለ ‹‹ይነሣ እንደሆነ ልየው›› ብሎ ቁልፍ ማዞር ክልክል ነው። የቤት ውሃ ቱቦ በመግቢያው ላይ በሚገጠመው ማያያዣ አገናኝታችሁ፣ ወይም የመግቢያውን ቱቦ በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ብቻ አስነሡ።

ኢምፔለሯ ባትሠራም ታረጃለች። ክረምቱን ሙሉ ክንፎቿ ታጥፈው ስለሚቀመጡ ይጠነክራሉ፤ ይሰነጠቃሉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ለውጧት። ስትለውጡ የሚከተለውን አትርሱ፦

- የመግቢያውን ቫልቭ አስቀድማችሁ ዝጉ፤ ካልዘጋችሁ ሐይቁ ወደ ጀልባው ይገባል። የሞተሩን ቁልፍ በቫልቩ እጀታ ላይ ብታንጠለጥሉ ሳትከፍቱ የማስነሣት ዕድል አይኖርም።
- አዲሷን ስታስገቡ ክንፎቿ ፖምፑ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ተኝተው ይግቡ። ለማለስለስ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ወይም ግሊሰሪን ይበቃል፤ የመኪና ግሪስ ጎማውን ይበላዋል።
- የፖምፑን ክዳን ውስጠኛ ገጽ በጥፍራችሁ ዳስሱ። የተቦረቦረ ከሆነ አዲሷም ጎማ በደንብ አትስብም። ጋስኬቱንም አብራችሁ ለውጡ።
- ከአሮጌዋ የጎደለ ክንፍ ካለ ቁጠሩ። ሁለት ክንፍ ከጎደለ ሁለት ቁራጭ ወደፊት ሄዶ በአንድ ቱቦ ወይም በሂት ኤክስቼንጀሩ አፍ ላይ ተቀምጧል። ሳታገኙት ከተዋችሁት ጎማ ለውጣችሁም ሞተሩ ይፈላል፤ ደንበኛውም ‹‹ምን ሠራህልኝ?›› ይላል።

5ኛ. ቀሪዎቹ ክፍሎች

ማጣሪያ፦ በወጣችሁ ቁጥር ክፈቱና እጠቡት። ዝናብ ሲጥል የጆርጂያ ቀይ አፈር ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በድርቅ ዘመን ደግሞ ውሃው ይሸሻል፤ በዲሴምበር 2007 ላኒየር ከሙሉ መጠኑ ከ20 ጫማ በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። ውሃ ባነሰ ቁጥር ጀልባው ወደ ጭቃውና ወደ አሸዋው ስለሚቀርብ መግቢያው የሚስበው ውሃ ብቻ አይሆንም። የባሕር ዳር ሰው ይህን በሌላ መልክ ያውቀዋል፤ በጣና ላይ ከ2011 ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭ በክዋኔ ላይ ያለን ጀልባ መቅዘፊያ ይጠመጥማል፤ ሥሩና ቅጠሉም የውሃ መግቢያን ይደፍናል። በክረምት ከርብ፣ ከጉማራና ከግልገል ዓባይ የሚወርደው ደለልም ሞተር ውስጥ ይቀመጣል። የጆርጂያም ሆነ የጎጃም ሞተር የሚጠጣው ሐይቁ የሰጠውን ነው።

የጎማ ቱቦዎች፦ በእጃችሁ ጭመቋቸው። በጣም የለሰለሰ፣ የደረቀ፣ ወይም ያበጠ ካለ ይለወጥ። ወደ ፖምፑ የሚስበው ቱቦ በውስጡ ሽቦ ያለበት መሆን አለበት፤ አለዚያ በፍጥነት ስትሄዱ ተጨፍልቆ ውሃ ይዘጋል። ከውሃ መስመር በታች ባለ ማያያዣ ሁሉ ላይ ሁለት የማይዝግ ማሰሪያ ይኑር። የተፈታ ቱቦ ሞተር ከማፍላት አልፎ ጀልባ ያሰጥማል።

ቴርሞስታት፦ የመኪና ቴርሞስታት በብዛት 195 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ሲከፈት፣ ቀጥታ ማቀዝቀዣ ያላቸው የጀልባ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ 140 ወይም 160 ዲግሪ የሚከፈት ይጠቀማሉ። ስለዚህ ‹‹ቅርጹ አንድ ነው›› ብላችሁ ከመኪና ዕቃ ቤት አትግዙ።

አንቲፍሪዝ፦ በዝግ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ አንቲፍሪዝ፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ የተለመደው ድብልቅ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ የሆነው የቀድሞው ዓይነት በሁለት ዓመት፣ ረዥም ዕድሜ ያለው እስከ አምስት ዓመት ይለወጣል። ሁለቱን ዓይነት አታደባልቁ። ክዳኑም የግፊት ክዳን ነውና ላስቲኩ ካረጀ ለውጡት፤ ፈሳሹ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱ ነው። ለዚህ ጣና ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ተራ ውሃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። እዚያ ክዳኑ የላላ ሞተር ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ ቶሎ ይፈላል።

አኖድ፦ በብዙ ሂት ኤክስቼንጀሮች ውስጥ እንደ እርሳስ የቀጠነ ብረት ተሰክቷል። ሥራው በዝገት መበላት ነው፤ እርሱ ሲበላ ዋናው ብረት ይተርፋል። ግማሹ ሲያልቅ ይለወጣል። ዚንክ ለባሕር ውሃ ነው፤ ጨው በሌለበት ሐይቅ ግን በደንብ አይሠራምና ለሐይቅ የሚስማማውን ዓይነት ከመመሪያው አረጋግጡ።

እዚህ ላይ ለመኪና መካኒኮች አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። በቤንዚን ጀልባ ሆድ ውስጥ የነዳጅ ተን ይከማቻል። ስለዚህ የጀልባ ስታርተር፣ ኦልተርኔተርና የመሳሰሉት ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳያወጡ ታሽገው የተሠሩ ናቸው። ርካሽ ነው ብሎ የመኪናውን መግጠም ጀልባውን ቦምብ ማድረግ ነው። ሞተሩን ከማስነሣታችሁም በፊት የአየር ማውጫውን ማራገቢያ አራት ደቂቃ አሠሩት።

6ኛ. ሐይቅ መሐል ላይ ሙቀት ቢጨምር

አትደናገጡ፤ ቤንዚኑን ቀንሱና መለኪያውን እዩ። ከጭስ መውጫው ውሃ የማይወጣ ከሆነ ወዲያው አጥፉ። ከዚያ በመንገዱ ቅደም ተከተል ፈልጉ፤ መግቢያው ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ተለጥፎ ይሆን? ቫልቩ ክፍት ነው? ማጣሪያው ደፍኖ ይሆን? ቺንጋው ተበጥሶ ይሆን? በመጨረሻ ኢምፔለሩ። ትርፍ ኢምፔለር፣ ጋስኬት፣ ካቻቪቴና ፒንሳ በጀልባው ውስጥ ይኑሩ።

ምልክቱም ይነግራችኋል። በቀስታ ሲሄድ የሚሞቅ፣ ሲፈጥን የሚሻለው ከሆነ ብዙ ጊዜ ያረጀ ኢምፔለር ነው። በቀስታ ደህና ሆኖ ሲፈጥን የሚሞቀው ከሆነ የውሃው መንገድ ጠቧል ማለት ነው፤ ማጣሪያውን፣ የሚስበውን ቱቦ፣ የሂት ኤክስቼንጀሩን ቱቦዎች ፈትሹ።

የአንቲፍሪዙን ክዳን በሞቀ ሞተር ላይ ፈጽሞ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል። በፈላ ሞተር ላይ ‹‹እስከ ወደቡ ላድርሰው›› ማለትም አይገባም። የሚጎትት መጥራት የቴስታታ ጋስኬት ከመለወጥ ይረክሳል።

7ኛ. ለክረምት ማዘጋጀት

በጆርጂያ ከታንክስጊቪንግ በፊት ማጠናቀቅ መልካም ነው። ለቀጥታ ማቀዝቀዣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ሞተሩን በውሃ ቱቦ አገናኝታችሁ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት አሙቁት፤ ከዚያ አጥፉት።
2. የማፍሰሻ ብሎኖችን ሁሉ ፍቱ፤ በብሎኩ ግራና ቀኝ፣ በሁለቱም ማኒፎልዶች፣ በፖምፑ ላይ ያሉትን። ቁጥራቸው እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ከመመሪያው ቁጠሩ። ዝቅ ብለው የሚሄዱትን ቱቦዎችም ከአንድ ጫፍ አላቅቁ።
3. በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሽቦ አስገቡ። ይህ የሚዘለል አይደለም። አሸዋና ዝገት ቀዳዳውን ደፍኖ ‹‹ውሃ አልወጣም፤ ስለዚህ ባዶ ነው›› ያሰኛል፤ ከበስተኋላው ግን ብሎኩ ሙሉ ነው።
4. በላይኛው ቱቦ በኩል ሮዝ ቀለም ያለውን የፕሮፒሊን ግላይኮል አንቲፍሪዝ ቀለሙ ሳይቀጥን ከታች እስኪወጣ አፍስሱ፤ ብሎኖቹንም መልሱ። ውሃውን ሳታፈስሱ በባልዲ ብቻ ማስሳብ አያስተማምንም፤ ከውስጥ ባለው ውሃ ይቀጥናል፣ ቴርሞስታቱ ከተዘጋም ወደ ብሎኩ አይደርስም።
5. የተፈታ ብሎን ሳይመለስ የሚያድር ከሆነ በከረጢት አድርጋችሁ በመሪው ላይ እሰሩት፤ ‹‹አታስነሣ›› የሚል ወረቀትም ይኑርበት።

ዝግ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ‹‹እኔ አንቲፍሪዝ አለኝ›› ብሎ አይዘናጋ። ብሎኩ ቢጠበቅም ሂት ኤክስቼንጀሩና ማኒፎልዱ የሐይቅ ውሃ ሊይዙ ይችላሉ፤ ያም ወገን ይፍሰስ። የአንቲፍሪዙንም ጥንካሬ በመለኪያ ፈትሹ።

በጃንዋሪ አየሩ ሞቆ ወደ ሐይቁ ብትወጡ፣ በዚያው ምሽት ደግማችሁ ማፍሰስ አለባችሁ። በሞተር ክፍል ውስጥ መብራት ወይም ማሞቂያ ትቶ መተማመንም አይበቃም፤ ብርድ በጠነከረበት ሌሊት ኤሌክትሪክ ሊጠፋ ይችላልና። የመኪናው ዓይነት አንቲፍሪዝ መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነም ሕፃንና ውሻ ይቀምሰዋል። በዕቃ ተቀብላችሁ አስወግዱ እንጂ ወደ መሬትም ወደ ሐይቅም አታፍስሱ።

8ኛ. ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ

የሞተሩን ዘይት ዘንግ አውጥታችሁ እዩ። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። በብሎኩ ጎን ላይ አዲስ ቀለም፣ የማጣበቂያ ንጣፍ ወይም የዝገት መስመር ካያችሁ ተሰንጥቆ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ሳትከፍሉ በሐይቅ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱት፤ በሙሉ ፍጥነትም ጭምር፤ ዓይናችሁ ግን ከሙቀት መለኪያው አይነሣ። ሻጩን ‹‹ባለፈው ክረምት ማን አዘጋጀው? ደረሰኙ የታል?›› ብላችሁ ጠይቁ። በጆርጂያ ጀልባ እንደ መኪና ታይትል ስለሌለው ሻጩ የፈረመበት የሽያጭ ወረቀት በእጃችሁ ይኑር፤ ምዝገባውም በስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ነው።

9ኛ. ሂሳቡና ሕጉ

ሀ) በጋራ ለገዙ፦ ጓደኝነት ከሚያልቅባቸው ነገሮች አንዱ ‹‹ማን ነበር ውሃውን ማፍሰስ የነበረበት?›› የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ የክረምቱን ዝግጅት ማን እስከ የትኛው ቀን ይሠራል? ካልሠራ ጉዳቱን ማን ይከፍላል? ለጥገናም እንደ እቁብ በየወሩ አስቀምጡ። ለምሳሌ ሦስት ሰዎች በወር 50፣ 50 ዶላር ቢያስቀምጡ በዓመት 1,800 ዶላር ይሆናል። የኢንሹራንስ ውላችሁንም አንብቡ፤ በብዙ ውሎች በአለመጠገን ወይም በበረዶ የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም፣ ወይም የሚሸፈነው በባለሙያ መዘጋጀቱ በደረሰኝ ሲረጋገጥ ነው።

ለ) ጀልባና ግብር፦ ‹‹ደንበኛ ስለማዝናናበት ወጪዬ ነው›› የሚል ክርክር በአይ.አር.ኤስ. ዘንድ አይሠራም፤ የመዝናኛ ጀልባ ወጪ ከግብር አይቀነስም። አልፎ አልፎ አከራያለሁ የሚልም ትርፍ ለማግኘት በእውነት እንደሚሠራ ማሳየት አለበት። ከአምስት ዓመት በሦስቱ ያተረፈ ሰው ክርክሩ ይቀልለታል። እውነተኛ ንግድ ለሆነ ግን ኢምፔለር፣ ቱቦና አንቲፍሪዝ ጥገና ስለሆኑ በዚያው ዓመት ይቀነሳሉ፤ ሞተሩን በሙሉ መለወጥ ግን እንደ ንብረት ይመዘገባል።

ሐ) ለጥገና ሠራተኞች፦ ደንበኛ ጀልባውን ለክረምት እንድታዘጋጁለት ሰጥቷችሁ ብሎኩ ቢሰነጠቅ ዕዳው የእናንተ ነው። ተራ የንግድ ኢንሹራንስ በእጃችሁ ያለን የደንበኛ ንብረት ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ወኪሉን በዚህ ቃል ጠይቁት፤ ‹‹በእጄ ላይ ሳለ የደንበኛው ሞተር ቢበላሽ ትከፍላላችሁ ወይ?›› መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የፈታችሁትን ብሎን ሁሉና የወጣውን ውሃ ቀን ባለው ፎቶግራፍ አንሡ፤ የሥራ ወረቀት ላይ ደንበኛው ይፈርም። በላኒየርና በአላቱና በመንግሥቱ መሬትና ውሃ ላይ ያለ ፈቃድ መነገድ በፌዴራል ደንብ ክልክል ስለሆነ፣ ከጀልባ ማውረጃው ላይ ሣጥን ከፍቶ መሥራት ቅጣት ያስከትላል። በግል ወደቦችም ወደቡን አስፈቅዱ። በደረሰኛችሁ ላይ የዕቃውንና የጉልበቱን ዋጋ ለይታችሁ ጻፉ፤ በጆርጂያ የሽያጭ ታክስ የሚጣለው በዕቃው ላይ ሲሆን፣ ተለይቶ የተጻፈ የጥገና ጉልበት አይታከስም።

መ) ኢሚግሬሽን፦ የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው በራሱ ስም ለራሱ ቢሠራም ያለ ፈቃድ እንደሠራ ሊቆጠርበት ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ጠበቃ ያማክር። ፈቃድ ያለው ደግሞ በቅዳሜና በእሁድ የተቀበለውን ጥሬ ገንዘብ ያስመዝግብ። የተጣራው ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ከመደበኛው ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የሚባለው የግል ሠራተኛ ግብርም አለ። ‹‹ብዙ ነው›› ብሎ የሚደብቅ ሰው የሚከፍለው በሌላ በኩል ነው። እናቱን ወይም ባለቤቱን ለማምጣት ፎርም አይ-864 ሲሞላ፣ መንግሥት የሚያየው በግብር ወረቀቱ ላይ ያለውን ገቢ ነው፤ አብዛኛው አመልካች ለቤተሰቡ ቁጥር ከተወሰነው የድህነት መስመር 125 በመቶ ማሳየት ይኖርበታል። በኪስ የገባ፣ በወረቀት ያልገባ ገንዘብ እናትን አያመጣም። ለዜግነት ሲመለከትም የግብር ጉዳይ ይጠየቃል።

10ኛ. በማስታወሻችሁ ላይ የሚለጠፍ

- በወጣችሁ ቁጥር፦ ማጣሪያ፣ የጭስ መውጫ ውሃ፣ የሙቀት መለኪያ።
- በማርች፦ ኢምፔለር፣ ቱቦዎችና ማሰሪያዎች፣ ቺንጋ፣ አኖድ።
- በጁላይ፦ ኢምፔለርና ማጣሪያን እንደገና ማየት፤ አንቲፍሪዝ መጠን።
- በኖቬምበር፦ ማፍሰስ፣ በሽቦ መፈተሽ፣ ሮዙን አንቲፍሪዝ መሙላት፣ ፎቶግራፍና ደረሰኝ ማስቀመጥ።
- ለጥገና ነጋዴዎች፦ የሩብ ዓመት ግብር በኤፕሪል 15፣ በጁን 15፣ በሴፕቴምበር 15 እና በጃንዋሪ 15።

አባቶቻችን ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ያሉት ለእንዲህ ያለ ነገር ነው። የሞተር መለወጫ ዋጋ በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ መከላከያው ግን አንድ ከሰዓት በኋላና አንዲት ትንሽ ጎማ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ኤል.ኤል.ሲ. ዓመታዊ ምዝገባ እንነጋገራለን፤ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 1 መሆኑን ከወዲሁ አስታውሱ። እስከዚያው ሰላም ሰንብቱ።